ሰሚው የተጠራጠረው ምንድን ነው? ኢቶስ፣ ፓቶስና ሎጎስን በጽሑፍና በንግግር የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ

አንድ ሰው ሐሳባችሁን ሰምቶ «እሺ» ከማለቱ በፊት ሦስት ጥያቄዎች በውስጡ ይመላለሳሉ። ይህን የሚለኝ ሰው ይታመናል ወይ? ነገሩ እኔን ይመለከተኛል ወይ? የቀረበው ምክንያትስ ውኃ ያነሳል ወይ? የግሪኩ ፈላስፋ አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት «ሬቶሪክ» (የማሳመን ጥበብ) በተሰኘው ሥራው ማሳመኛዎችን የከፈለው በዚሁ መስመር ነው። የተናጋሪው ተአማኒነት ኢቶስ፣ የሰሚው ስሜት ፓቶስ፣ የነገሩ አመክንዮ ደግሞ ሎጎስ ይባላል።

ይህን የተማረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስቱን እኩል ለማካፈል ይሞክራል፤ አንድ አንቀጽ ስለ ራሱ፣ አንድ አንቀጽ ቁጥር፣ አንድ አንቀጽ አንጀት የሚበላ ታሪክ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሁሉም ነገር ኖሮት ማንንም ሳያሳምን ይቀራል፤ ሰሚው ብዙ ጊዜ የሚጠራጠረው ከሦስቱ አንዱን ስለሆነ። በቁጥሩ አስቀድሞ የተስማማ ሰው ሌላ ቁጥር ቢደረደርለት ንቅንቅ አይልም። ያላመናችሁ ሰው ደግሞ ቁጥሩንም አያምነውም። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው የትኛው ጥርጣሬ እንደያዘው ከማወቅ ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ምሳሌ ይዘን እንዘልቃለን፦ ተማሪዎች የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት አምሽቶ እንዲዘጋ ለርእሰ መምህሩ የሚጽፉት ደብዳቤ። በደብዳቤው ውስጥ ያሉት ቁጥሮች ለማሳያ የተፈጠሩ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማጥበብ

«ቤተ መጻሕፍቱ ይሻሻልልን» ቢባል ርእሰ መምህሩ ምን ላይ እንደሚፈርሙ አያውቁም። የምትጠይቁት ነገር ማን፣ ምን፣ ከመቼ ጀምሮና በምን መጠን እንደሚያደርግ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይውጣው፦ «ቤተ መጻሕፍቱ ለሦስት ወር በሙከራ መልክ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይልቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ይዘጋ።» ይህን መጻፍ ካቃታችሁ ችግሩ የአጻጻፍ ላይሆን ይችላል፤ የምትፈልጉትን ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው።

ቀጥሎ ውሳኔው በእጁ ያለውን ሰውና ውሳኔው የሚነካውን ሰው ለይታችሁ ጻፉ። እዚህ የሚፈርሙት ርእሰ መምህሩ ናቸው፤ ሁለት ሰዓት የሚያመሹት ግን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች ናቸው። ደብዳቤው ለሠራተኞቹ ባይላክም፣ እነሱ ሲያነቡት ምን ይላሉ የሚለው መልስ ካላገኘ ጥያቄው ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሊሞት ይችላል።

በዚሁ ደረጃ በእጃችሁ ያለውን ማስረጃ ሰብስቡ። አርስቶትል ተናጋሪው በጥበቡ የሚሠራቸውን ማሳመኛዎች አስቀድመው ካሉት፣ ማለትም ከሕግ፣ ከምስክርና ከውል ለይቷቸዋል። በተግባር ሲታይ ደንብ፣ መዝገብ፣ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ካለ መጀመሪያ እሱ ይቀመጥ። ሰነድ ባለበት ቦታ ቃላት ማሳመር ጥርጣሬ ከመጫር በቀር አይጠቅምም።

ደረጃ 2፦ ጥርጣሬውን መለየት

ሰሚው ከዚህ በፊት የመለሰውን መልስ በራሱ ቃል ጻፉት። «ባለፈውም እንዲሁ ብላችሁ ነበር»፣ «እናንተ ከመቼ ወዲህ ነው ይህን የምታውቁት?» ካለ የጎደለው ኢቶስ ነው። «በምን ታወቀ?»፣ «ወጪውስ?» ካለ ሎጎስ ነው። «ልክ ናችሁ፣ ግን አሁን ሌላ ጣጣ አለብን» ካለ ምክንያቱን ተቀብሎታል ማለት ነው፤ የጎደለው ፓቶስ ወይም ትክክለኛው ጊዜ ነው። «እናስብበታለን» የሚለው መልስ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ በትሕትና «በተለይ የትኛው ነጥብ አጠራጠረዎት?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መልስ ገና ካልተሰጠ፣ ተቃዋሚው ሊያነሳቸው የሚችላቸውን ሦስት ነጥቦች ራሳችሁ ጻፉ። መመዘኛው አንድ ነው፦ ተቃዋሚው ቢያነባቸው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ይላል ወይ? አብዛኛው ጸሐፊ እዚህ ጋ ለራሱ ያደላል፤ የተቃዋሚውን ሐሳብ አድክሞ ይጽፍና የደከመውን ሐሳብ ያሸንፋል።

ደረጃ 3፦ ሎጎስ፣ ምክንያቱን ማሠር

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ስቲቨን ቱልሚን እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው ሥራው አንድን ክርክር በክፍል በክፍል ፈቶ አሳይቷል። ለዕለት ሥራ ሦስቱ ይበቃሉ፦ የምትሉት፣ ማስረጃው፣ ማስረጃውን ከምትሉት ጋር የሚያያይዘው ድልድይ። ድልድዩ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል፤ ክርክሮች የሚወድቁትም በአብዛኛው እዚያው ላይ ነው።

ምሳሌውን እንውሰድ። «በሩ ሲዘጋ በአብዛኛዎቹ ቀናት ከ35 በላይ ተማሪ እያጠና ይገኛል፤ ስለዚህ የመዝጊያው ሰዓት ይራዘም።» ማስረጃው አለ፣ ጥያቄውም አለ። ያልተነገረው «እነዚህ ተማሪዎች በሩ ቢከፈት ይቆያሉ» የሚለው ነው። ርእሰ መምህሩ ግን «እስከ መዝጊያው የቆዩት ቤት የመሄጃቸው ሰዓት ገና ስለሆነ ነው፤ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ይበተናል» ብለው ቢያስቡ ቆጠራው በሙሉ ዋጋ ያጣል። መፍትሔው 35ን ወደ 50 ማሳደግ ሳይሆን ድልድዩን መደገፍ ነው፦ ለተቆጠሩት ተማሪዎች «ቢከፈት እስከ ስንት ሰዓት ትቆያላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ አቅርቦ መልሱን ማያያዝ።

ያልተነገረውን ለማውጣት ማስረጃውን ጻፉ፣ «ስለዚህ» በሉ፣ ጥያቄውን አስከትሉ። ከዚያ በሁለቱ መካከል «ይህ የሚሆነው ... ከሆነ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሙሉ። ሰሚው የሞላችሁትን ያለ ክርክር የሚቀበለው ከሆነ ሳትናገሩት እለፉት፤ ራሱ ሲደርስበት ይበልጥ ያምነዋል። የሚጠራጠረው ከሆነ ግን ወጥቶ ይነገር፣ ማስረጃም ይታከልበት።

ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ አዳዲስ የወሊድ መከላከያ እንክብሎች የደም መርጋት አደጋን በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስጠነቀቀ። ወሬው እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ፤ ብዙ ሴቶችም መድኃኒቱን አቆሙ። «እጥፍ» የተባለው ግን ከ7,000 ሴቶች አንዷን ያጋጥም የነበረው አደጋ ወደ ሁለት ማደጉ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ በዚሁ ድንጋጤ ምክንያት ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተከሰተ ተገምቷል። ቃሉ ሐሰት አልነበረም፤ መነሻው ቁጥር ሳይነገር መቅረቱ ነው ያንን ሁሉ ያመጣው።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ግልጽ ነው። «በእጥፍ»፣ «በ50 ከመቶ ጨመረ» ስትሉ ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ በዚያው ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሆነና ማን እንደቆጠረውም ይታወቅ። በአንድ አንቀጽ ከሁለት ቁጥር በላይ አትክተቱ፤ ሦስተኛው ሲመጣ የመጀመሪያው ይረሳል።

ሌሎቹ ስሕተቶች የታወቁ ናቸው። ሁለት ነገር ተከታትሎ ስለመጣ ፊተኛው ኋለኛውን አመጣው ማለት፤ ሌላ አማራጭ እያለ «ወይ ይህ ወይ ጥፋት» ብሎ ማጥበብ፤ ሁለት ሰው ጠይቆ «ሁሉም» ማለት። ይህን የመጨረሻውን «አብዛኞቹ»፣ «ከጠየቅናቸው 40 መካከል 31ዱ» እያሉ መግታት ይቻላል። እንዲህ ያለ ገደብ ክርክሩን የሚያደክም የሚመስላቸው አሉ፤ እንደውም ለጥቃት የሚጋለጠው «ሁሉም» የሚለው ነው፤ አንድ ተቃራኒ ምሳሌ ያፈርሰዋል።

ደረጃ 4፦ ኢቶስ፣ መታመን

አርስቶትል ተአማኒነትን ከሦስት ነገር ያመጣዋል፦ ከማስተዋል፣ ከቅንነትና ለሰሚው ከሚታይ በጎ ፈቃድ። ደግሞም ይህ እምነት ከተናጋሪው ዝና ሳይሆን ከንግግሩ ራሱ መወለድ እንዳለበት ይናገራል። ለማይታወቅ ጸሐፊ ይህ የምሥራች ነው፤ ሦስቱም በወረቀቱ ላይ ሊሠሩ ይችላሉና።

ማስተዋል የሚታየው ጉዳዩን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ብቻ በሚጽፈው ዝርዝር ነው። «ለረጅም ጊዜ አጥንተነዋል» ከማለት «የረቡዕ ቆጠራ ከሌሎቹ ቀናት ያነሰው የስፖርት ቀን ስለሆነ ነው» ማለት ይሻላል። ቅንነት የሚታየው የሐሳባችሁን ድክመት ተቃዋሚው ሳያነሳው ራሳችሁ ስታነሱት ነው። በጎ ፈቃድ ደግሞ የወሳኙን ሸክም አስባችሁ መምጣታችሁ ነው፤ ቅጹ ተሞልቶ፣ ወጪው ተሰልቶ፣ የሚቀረው ፊርማ ብቻ ሆኖ።

ድክመትን ማንሳት ሁልጊዜ ይጠቅማል ወይ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሆቭላንድና ባልደረቦቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከጃፓን ጋር ያለው ጦርነት ገና ረጅም ጊዜ እንደሚወስድ የሚናገሩ ሁለት የሬዲዮ መልእክቶችን በአሜሪካ ወታደሮች ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ1949 ውጤቱን አሳተሙ። አንደኛው መልእክት አንዱን ወገን ብቻ ያቀርባል፤ ሌላው የተቃራኒውንም ሐሳብ ያነሳል። አስቀድመው በሐሳቡ የተስማሙትን ይበልጥ ያጸናው አንድ ወገኑ ነበር፤ የተቃወሙትንና ከፍ ያለ ትምህርት ያላቸውን የማረካቸው ሁለቱንም ያነሳው ነው። ስለዚህ ለደጋፊዎች ስብሰባ ሲሆን አጭርና ቀጥተኛ ሁኑ፤ ሊቃወም ለሚችል ሰው ስትጽፉ ተቃውሞውን ጥሩ፣ በሚገባው ክብር አስቀምጡት፣ ከዚያ መልሱን ስጡ። ጠርቶ ሳይመልሱ መተው ግን ለተቃዋሚው ስንቅ ማቀበል ነው።

ኢቶስን የሚያፈርሱት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። የተቀባዩን ስም ወይም ማዕረግ መሳት አንዱ ነው። «ታዋቂ ምሁራን እንደሚሉት» ብሎ ምሁሩን አለመጥቀስ ሌላው። የሌላ ሰው ተአማኒነት ስትዋሱ ሦስት ነገር መርምሩ፦ የተናገረው በሚያውቀው ሙያ ነው? በጉዳዩ ላይ የራሱ ጥቅም አለው? የሙያ አጋሮቹስ ይስማማሉ? የልብ ሐኪም ስለ ድልድይ ግንባታ የሚሰጠው አስተያየት የማንም ሰው አስተያየት ነው።

ደረጃ 5፦ ፓቶስ፣ ስሜትን ከድርጊት ጋር ማጣመር

ስሜትን ማንሳት ማታለል የሚመስላቸው ሰዎች ደረቅ ጽሑፍ ይጽፋሉ። አርስቶትል ግን በሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ ስሜቶችን አንድ በአንድ ሲመረምር ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ያቀርባል፤ ቁጣን ብንወስድ፦ የሚቆጣ ሰው በምን ሁኔታ ላይ ነው? የሚቆጣው በማን ላይ ነው? በምን ምክንያት? ይህ ለጸሐፊም የሥራ ዝርዝር ነው። ሦስቱን መመለስ ካልቻላችሁ የያዛችሁት ጩኸት ነው።

እያንዳንዱ ስሜት የሚገፋው ወደተለየ ድርጊት ነው። ርኅራኄ እጅን ያስዘረጋል፤ ቁጣ ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ፍርሃት ማምለጫ ይፈልጋል። ርእሰ መምህሩን እንዲፈቅዱ እየጠየቃችሁ ቁጣ ብታነሱ ጥፋተኛ ሆነው የሚገኙት እሳቸው ናቸው። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ስሜት ይብቃው።

ፍርሃት የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተመራማሪዎቹ ሌቨንታል፣ ሲንገርና ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካው የየል ዩኒቨርሲቲ ከፊሎቹ ተማሪዎች ስለ ቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) የሚያስፈራ፣ ከፊሎቹ ለዘብ ያለ ጽሑፍ አነበቡ። የሚያስፈራው ጽሑፍ አመለካከትን ይበልጥ ቀየረ። ሄደው እንዲከተቡ ያደረጋቸው ግን ሌላ ነገር ነበር፦ የጤና ጣቢያውን ካርታና ከቀን ውሏቸው ጋር የሚያጣጥም ዕቅድ ከተሰጣቸው 28 ከመቶ ያህሉ ሲከተቡ፣ ካልተሰጣቸው የተከተቡት 3 ከመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ያስፈራችሁበት አንቀጽ ሳያልቅ መውጫው ይታይ፦ የት፣ መቼ፣ በምን ቅደም ተከተል። መውጫ ያጣ ፍራቻ ሰሚውን ጆሮ ያስደፍነዋል።

ሌላው ጥያቄ አንድ ሰው ይታይ ወይስ ብዙ ቁጥር የሚለው ነው። ተመራማሪዎቹ ስሞል፣ ሎዌንስታይንና ስሎቪች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት 5 ዶላር ከተሰጣቸው ተሳታፊዎች መካከል ስለ አንዲት ችግረኛ ልጅ ብቻ ያነበቡት በአማካይ 2.38 ዶላር ለገሱ። ስለ ሚሊዮኖች የሚናገር ቁጥር ብቻ ያነበቡት 1.14፣ ልጅቷንና ቁጥሩን አንድ ላይ ያነበቡት ደግሞ 1.43 ዶላር ሰጡ። ቁጥሩ ታሪኩን ያጠናክራል ተብሎ ሲጠበቅ አቀዘቀዘው። በተግባር፦ ታሪኩንና ቁጥሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አታጋጩ። የትኛው ይቅደም የሚለውን በደረጃ 2 የለያችሁት ጥርጣሬ ይወስነዋል። ለአንድ ገጽ ደብዳቤ ታሪኩ ከሁለትና ከሦስት ዓረፍተ ነገር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

ስሜቱን በስም አትጥሩት። «እጅግ አሳዛኝ»፣ «ልብ የሚሰብር» ብሎ መጻፍ ሰሚው ገና ሳያዝን እዘን ብሎ ማዘዝ ነው። የሚታየውን ብቻ አስቀምጡ። ታሪኩ እውነተኛ ይሁን፣ የሰውየውም ፈቃድ ይኑርበት፤ የተፈጠረ መሆኑ ከታወቀ የሚፈርሰው ፓቶስ ብቻ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ጊዜውን መምረጥ

ግሪኮች ትክክለኛውን አፍታ ካይሮስ ይሉታል። እዚህ ብዙ የሚባል የለም፤ በጀት ከተዘጋ በኋላ የገንዘብ ጥያቄ፣ ፈተና ካለቀ በኋላ የማጥኛ ሰዓት ጥያቄ አይቀርብም። ውሳኔው የሚሰጥበትን ቀን ጠይቁ፣ ከዚያ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አድርሱ።

ደረጃ 7፦ መጻፍ፣ ከዚያ ጎን ለጎን ማየት

በብዛት የሚጻፈው እንዲህ ያለ ነው፦

«እጅግ በጣም የምናከብርዎ ርእሰ መምህር፣ እኛ ታታሪና ጎበዝ ተማሪዎች ስንሆን ትምህርት የዕድገት መሠረት መሆኑ ይታወቃል። በርካታ ተማሪዎች በማጥኛ ቦታ እጦት በከፍተኛ ሁኔታ እየተሰቃዩ ይገኛሉ። ይህ ካልተፈታ የትውልዱ ዕጣ ፈንታ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ አፋጣኝ መፍትሔ እንዲሰጠን በትሕትና እንጠይቃለን።»

ኢቶሱ የራስ ሙገሳ ነው። «በርካታ» ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ስሜቱ ከጉዳዩ በላይ ተለጥጧል፤ የሁለት ሰዓት ጥያቄ ትውልድን አያድንም። መፍትሔው ምን እንደሆነም አልተነገረም። ሲስተካከል፦

«ክቡር ርእሰ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለሦስት ወር በሙከራ መልክ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ይልቅ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እንዲዘጋ እንጠይቃለን። ባለፉት ሁለት ሳምንታት በሩ ሲዘጋ እያጠኑ የነበሩትን ቆጥረናል፤ ከ10 ቀናት በ8ቱ ከ35 በላይ ነበሩ። ቢከፈት እስከ 1 ሰዓት እንደሚቆዩ የገለጹት ዝርዝር ተያይዟል። አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ቤቷ ማጥኛ ቦታ ስለሌላት በሩ ከተዘጋ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ትሠራለች። ሁለት ሰዓት መጨመር ለሠራተኞቹ ሸክም መሆኑን እናውቃለን፤ አንዱ ሠራተኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ቢገባ የሥራ ሰዓቱ አይጨምርም፤ መጻሕፍት መደርደሩን እኛ በተራ እንሠራለን። በሦስት ወሩ ውስጥ በአማካይ ከ20 ተማሪ በታች ከተገኘ ሰዓቱ ወደ ቀድሞው ይመለስ።»

ጥያቄው መጀመሪያ ላይ ነው፤ ሥራ የበዛበት ሰው እስከ መጨረሻው ላያነብ ይችላል። ቁጥሩና ተማሪዋ በተለያየ ዓረፍተ ነገር ቆመዋል። ከሁሉ ይበልጥ ሥራ የሚሠራው ግን የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፦ ጠያቂዎቹ ራሳቸው የሚሸነፉበትን መስፈርት አስቀምጠዋል። ስለ ቅንነታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም፤ አላስፈለጋቸውም።

ደረጃ 8፦ ለንግግር ማዘጋጀት

አድማጭ ወደኋላ ገልጦ አያነብም። ስለዚህ ምክንያቶቹ ከሦስት አይብለጡ፤ እያንዳንዱ ሲጀመርም «ሁለተኛው ምክንያት» ተብሎ ይነገር። በጽሑፍ 1,987 ያላችሁትን በቃል «ወደ ሁለት ሺህ» በሉት። ዋናውን ቁጥር ከተናገራችሁ በኋላ ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም በሉ።

ለአምስት ደቂቃ ንግግር የሚከተለው አከፋፈል ይሠራል፦ ማንነትና ጥያቄው 40 ሰከንድ፣ ምክንያቶቹ ሁለት ደቂቃ ተኩል፣ ትልቁ ተቃውሞና መልሱ አንድ ደቂቃ፣ የቀረው ለአንዱ ሰው ታሪክና ለሚፈለገው ድርጊት። ጥርጣሬው በእናንተ ላይ ከሆነ ተቃውሞውን ወደ ፊት አምጡት። ጽሑፉን ሰዓት ይዛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡና ከዚያ ላይ አንድ አሥረኛውን ቁረጡ፤ በሰው ፊት መቆራረጥና መድገም አይቀርም።

ደረጃ 9፦ መፈተሽ

ረቂቁን አትሙና ሦስት ባለቀለም እርሳስ ያዙ። ተአማኒነት የሚገነባውን በአንዱ፣ ስሜት የሚነካውን በሌላው፣ ምክንያትና ማስረጃውን በሦስተኛው አስምሩ። ምንም ቀለም ያልነካው ዓረፍተ ነገር ምናልባት አያስፈልግም። ቀለሞቹ እኩል መሆን የለባቸውም፤ የሚበዛው ቀለም በደረጃ 2 የለያችሁትን ጥርጣሬ የሚመልሰው መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ከዚያ ስለ ጉዳዩ ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡና «ምን ጠየቁ? ለምን? የት ላይ ተጠራጠርክ?» በሉት። ሲመልስ አታስረዱት፤ ጻፉ ብቻ።

ይኸው እርሳስ የሌሎችን ማስታወቂያና ንግግር ለመመርመርም ይሠራል። አንድ ገጽ በሙሉ በስሜት ቀለም ከተሞላና ለማሰብ ጊዜ ካልተሰጣችሁ፣ «ዛሬ ካልሆነ» ከተባላችሁ፣ የጎደለውን ቀለም ጠይቁ።

መልሱ እምቢታ ከሆነ የተሰጠውን ምክንያት ቃል በቃል ጻፉትና ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። «ለተጨማሪ ሰዓት የሚከፈል በጀት የለም» ከተባለ የተቀረው ተቃውሞ የሎጎስ ነው፦ ፈረቃውን በስምና በሰዓት ሠርቶ፣ ተጨማሪ ክፍያ እንደማያስወጣ አሳይቶ መመለስ ይበቃል፤ የተማሪዋን ታሪክ ማስረዘም አይረዳም። ሁለተኛው ደብዳቤ ከመጀመሪያው በግማሽ ቢያጥር ይመረጣል፤ ርእሰ መምህሩ የተስማሙበትን ክፍል እንደገና እንዲያነቡ ማድረግ አያስፈልግም።